በደረቱ ውስጥ የተኛው ውሃ

የምሠራበት የድንገተኛ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጂንካ ላይ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም። ዝናቡ ሲወርድ ማዳመጫ ጆሮ ላይ መሰካት ትርፉ ድካም ነው፤ የሚሰማው የታማሚው ሳንባ ሳይሆን ሰማዩ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣብኝ እፈራለሁ። ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ብዙ ነውና። አስም ይሆናል፣ የሳንባ ምች ይሆናል፣ ልብ ደክሞ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ይሆናል፣ ደረት ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል። ሁሉም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሰውየው ቁጭ ብሎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አፉን ከፍቶ አየር ይለምናል። መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድላል።

ድሮ እዚህ አልትራሳውንድ ማለት ነፍሰ ጡሮች ተራ ጠብቀው የሚገቡበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የተተከለ ትልቅ ማሽን ነበር። እኔ ከትምህርት ስመለስ ግን ለድንገተኛ ክፍሉ በባትሪ የምትሠራ፣ በትከሻ የምትያዝ ትንሽ ማሽን መጥታ ጠበቀችኝ። በእሷ ሳንባ ማየትን የተማርኩት ሌላ ከተማ ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሲያስረዱት ቀላል ነገር ነው። ጤነኛ ሳንባ ከጎድን አጥንቶች ሥር እንደ ነጭ ክር ይታያል፤ ክሩ ከትንፋሹ ጋር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ከገባ ክሩ መንሸራተቱን ያቆማል። ሳንባው ራሱ ውሃ ከያዘ ከክሩ ሥር ነጫጭ ጨረሮች ይወርዳሉ። ውሃ በሳንባው ዙሪያ ከተጠራቀመ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ማሽኗ ዝናብ አይረብሻትም። ስለዚህም በዝናብ ወራት ከአጠገቤ አላርቃትም ነበር።

ጂንካ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት። አባቴ ከጎፋ በኩል ለእንጨት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አብረውኝ የተመደቡት ሐኪሞች አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። የቀረሁበትን ምክንያት ሰዎች ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የተለያየ መልስ እሰጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በደንብ አላውቀውም።

አንድ ጀልባ ቀዛፊ የመጣብኝ በእንዲህ ያለ የዝናብ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ያመጣው አምቡላንስ በኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ከኦሞራቴ ተነስቶ ግማሽ ቀን ሙሉ ተጉዟል። የዳሰነች ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ገና ጎልማሳ። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት የኦሞን ወንዝ ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ሁሉ በእሱና በመሰሎቹ ከግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ይሻገር እንደነበር፣ አሁን ግን የሚያሻግረው ጎብኚዎችንና ፍየሎችን ብቻ እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ። አብራው የመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች፤ ከደንበኞቿ የለመደችው አጭር አጭር አማርኛ አላት።

ሰውየው መተኛት አልቻለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሳል ይወድቃል። ኦክስጅን አደረግንለት፤ ብዙም አልረዳውም። ኦሞራቴ ባለው ጤና ጣቢያ ለሳንባ ምች መድኃኒት ተጀምሮለታል፤ ለውጥ ሲያጡ ላኩት። በዚያ ሳምንት አዲስ የመጣ ወጣት ሐኪም አብሮኝ ነበር። የሰውየውን ጀርባ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሲፈትሸው ቀኝ ጎኑ እንደ ሞላ እንስራ ደፍኗል። የእኛ አገር ሐኪም እንዲህ ያለ ደረት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢ ያመጣውን ውሃ ነው፤ እኔም ብሆን ያሰብኩት ያንኑ ነበር። ውሃው ከተቀዳ ሰውየው ይተነፍሳል። ራጅ እንዳናነሳው መብራት የለም፤ ቢኖርም መቆም አይችልም። ወጣቱ ሐኪም ረጅሙን መርፌ አዘጋጅቶ ቀኝ ጎኑን በአልኮል መጥረግ ጀመረ።

መርፌው ከመግባቱ በፊት የውሃውን ጥልቀት ልይ ብዬ ማሽኗን አስነሳሁ። ከጤነኛው ወገን ነበር የጀመርኩት፤ እንደዚያ ነው የለመድኩት። በግራ በኩል ነጩ ክር በደንብ ይንሸራተታል። ልቡን አየሁ። ይፈጥናል እንጂ ጠንክሮ ይመታል፤ በዙሪያውም ምንም ውሃ የለም። ልብ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኑ ዞርኩ። እንደጠበቅነው ጥቁር ነበር። ወጣቱ ሐኪም ከትከሻዬ በላይ እያየ ብዙ ውሃ እንዳለ፣ ቦታውም ለመርፌ ምቹ እንደሆነ ነገረኝ።

እኔ ግን እጄን ማንሳት አልቻልኩም። ደረት ውስጥ የፈሰሰ ውሃ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ክፍተቱን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ይህ ግን ክብ ነበር። ግድግዳ አለው። ግድግዳውም ድርብ ነው፤ የውስጠኛው ሽፋን በአንድ በኩል ተላጦ፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ጥቁሩ ውሃ ውስጥ እንደ ረጠበ ነጠላ ይውለበለባል። ወደ ታች፣ ወደ ጉበቱ ወረድኩ። እዚያም ሌላ ክብ አለ። በዚህኛው ሆድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ክቦች እንደ ማር ሰፈፍ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

ወጣቱን ሐኪም ቀስ ብዬ፣ “መርፌውን አስቀምጠው” አልኩት። “ከአጠገቡም አርቀው።”

በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ በጉበት ላይ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ላይ አይቼዋለሁ። በሳንባ ላይ፣ እንዲህ ተቀድዶ፣ አይቼው አላውቅም ነበር። ከውሻ የሚመጣ ትል ነው። ውሻው የታረደ ከብት ወይም ፍየል የሆድ ዕቃ ይበላል፤ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዓይን የማያየው እንቁላሉ ከውሻው ጸጉር ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ሰው ውስጥ ሲገባ የውሃ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል። አይቸኩልም። ዓመታት እየወሰደ፣ ሳያሳምም፣ ሳያሳክክ ያድጋል። ባለቤቱ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ጀልባ ይቀዝፋል፤ አያውቅም። ከረጢቱ የተቀደደ ቀን ግን ውስጡ ያለው ውሃ ለሰውነት እንደ መርዝ ይሆናል። በመርፌ ብንወጋው ኖሮ ያንን መርዝ በገዛ እጃችን ደረቱ ውስጥ እንደፋው ነበር።

እህትየዋን ከመታመሙ በፊት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጀልባውን ወደ ዳር ሲጎትት ድንገት ክፉኛ እንዳሳለው ነገረችኝ።

“ውሃ ተፋ” አለች፤ “ብዙ። ጨው ነው አለኝ።”

ወንዙን የጠጣ መስሏት ነበር። የኦሞ ውሃ ግን ጨው የለውም። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱን እንደሚያክ፣ ትንፋሹም እያደር እያጠረ እንደመጣ፣ አምቡላንሱ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ሲያስለው እንደባሰበት ጨመረችልኝ። ሸማውን ገለጥ አድርጌ ሆዱንና ክንዱን በእጄ ዳሰስኩት። በጥቁር ቆዳው ላይ ለዓይን ብዙ የማይታይ፣ ለጣት ግን ግልጽ የሆነ እብጠት ከላይ እስከ ታች ወርሶታል። የደም ግፊቱ እየወረደ ነበር። ከረጢቱ መፍሰስ ጀምሯል፤ ሰውነቱም በአለርጂ ተቆጥቷል። አሁን የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነው እንጂ ውሃ መቅዳት አልነበረም። ጭኑ ላይ ወጋሁት፤ ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት። ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ትራሱ ላይ ደገፍ አደረገ።

እህቱ ይህን ሁሉ ጊዜ የምታየው እሱን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር። ምስሉን ማሽኗ ላይ እንደቆመ ትቼው ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ከውሻ የሚመጣ ነው ብዬ ልገልጽላት ሞከርኩ። ሰማችኝና፣

“ሕይወት አለው?” አለችኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። “አለው” አልኳት።

ለወንድሟ ወዲያው አልተረጎመችለትም። እጁን ይዛ ተቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ነግራው መሰለኝ፤ ስገባ እጁን ቀኝ ጎኑ ላይ ጭኖ፣ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

አዲስ አበባ ያለ የማውቀው የደረት ቀዶ ሐኪም ደወልኩለት። ምስሉን በስልክ ልኬለት ካየ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ያልተቀደደ ከረጢት በቀዶ ሕክምና እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ይህ ግን ተሰንጥቋል። ማንም በመርፌ እንዳይነካው፣ እሱ ሳያየው የትል መድኃኒት እንዳልጀምርለት አስጠነቀቀኝ። በአውሮፕላንም እንዳልልከው ነገረኝ፤ አየሩ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ የቀረው ግድግዳ ሊፈነዳ ይችላል። በመኪና፣ ቁጭ እንዳለ፣ ሳይንገጫገጭ መምጣት አለበት። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሰው ‘ሳይንገጫገጭ’ ሲባል ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያለ ሐኪም መንገድ ላይ መላክ ስላስፈራኝ ሌላ ሐኪም እስከሚረከብበት እስከ አርባ ምንጭ ራሴ አብሬው እንድሄድ ተስማማን፤ ወጣቱ ሐኪም ክፍሉን ያዘልኝ።

የተነሳነው በነጋታው ጠዋት ነው። ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ የአሪ ሰው ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይጸልያሉ፤ ሁልጊዜም አጭር ጸሎት ነው። ያን ቀን አስረዘሙት። ማሽኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ከታማሚው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እህቱ ከጎኑ ሆና በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በሁለት እጇ ትደግፈዋለች።

ቀይ አፈር ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ከየአቅጣጫው ከመጣው ሰው፣ ከፍየሉና ከአይሱዙው መካከል በእግር ፍጥነት እየተሳብን አለፍን። በመስኮቱ የሚታየው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ቅል ተሸክሞ ይሄዳል። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ውሻ ተኝቷል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አንገቱን አቅፋ ትጫወታለች። ቀዛፊው አያት። ለእህቱ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አላት። ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም።

ከቀይ አፈር ወርደን ወደ ቆላማው ወይጦ ስንቃረብ ሙቀቱ ተቀበለን። ከኋላችን፣ ተራሮቹ ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ያለንበት ሜዳ ግን ጠብታ አልነካውም፤ አቧራ ነው። ከወይጦ አለፍ ብለን ሌላ ጊዜ ደረቅ ከሆነ አንድ ወንዝ ስንደርስ የመኪና ሰልፍ አገኘን። ያን ቀን ግን ደረቅ አልነበረም። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ እኛን ቀድሞ ደርሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየነዳ መንገዱን ቆርጦታል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ይመለከታሉ። ከማዶም እንደኛው መኪኖች ቆመዋል። እስኪጎድል ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

የአምቡላንሱን በሮች ከፈትን። ነፋስ የለም። ቀዛፊው ጎርፉን በትኩረት ሲያይ ቆየ። ይህ ለእሱ ወንዝ አይደለም፤ ጀልባ ቢኖረው እንደሚያሻግረን በእህቱ በኩል ነገረኝ። ሳቅንለት። ከዚያ አሳለው።

ከበድ ያለ ሳል ነበር፣ ከውስጥ የሚቀድ። ሲጨርስ ዓይኑ ፈጦ አየኝ። መናገር አልቻለም። ትንፋሹ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነ፤ ከዚያም ባሰ። የአንገቱ ሥሮች ገመድ አከሉ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። እህቱ ስሙን እየደጋገመች ጠራችው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ያው የሰውነት ቁጣ ተመልሶበታል የሚል ነው፤ አድሬናሊኑን ስቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሰውነቱን ዳሰስኩት፤ አዲስ እብጠት የለም። ሊሆን የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለኝም። ጎርፉ ጆሮ ያደነቁራል፤ ማዳመጫዬን አላወጣሁትም። ጄሉን ደረቱ ላይ ጨምቄ የማሽኗን መዳሰሻ ጫንኩ። ከፀሐዩ የተነሳ ስክሪኑ አይታይም። ሾፌሩን በሸማ እንዲያጠሉልኝ ጠየቅኋቸው።

ግራው ይንሸራተታል። በቀኙ፣ ከላይ፣ ነጩ ክር አለ፤ ግን አይንቀሳቀስም። መዳሰሻውን ወደ ጎን ወሰድኩት፤ አይንቀሳቀስም። ሰውየው በኃይል ይስባል፤ ክሩ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሏል። ዝቅ ስል ያ ክብ ቅርጽ ጠፍቷል። ሽፋኑ ተኮማትሮ ከታች ተኝቷል፤ ዙሪያው ውሃ፣ ከውሃው በላይ አየር። ከረጢቱ ፈንድቷል። በፈነዳበት በኩል ሳንባው ተቀድዶ አየር ወደ ደረቱ ይገባል፤ የገባው አየር መውጫ የለውም። በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ይነፋል፣ ልቡንም ወደ ግራ ይገፋዋል።

ጂንካ ላይ አርቀው ያልኩት መርፌ አሁን መግባት ነበረበት።

ሾፌሩ የጤና ባለሙያ አይደሉም፤ ግን ሌላ ሰው የለም። አድሬናሊኑን ሰጠኋቸው። “ጋሼ፣ ይህንን ይያዙልኝ። ይስጡኝ ስልዎት ብቻ ያቀብሉኛል” አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። ለእህቱ ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ እንድታቅፈው ነገርኳት።

“መርፌ አይነካውም ብለሽ ነበር” አለች።

“አሁን ካልነካሁት ይሞታል” አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ከኋላው ዞራ ሁለት ክንዷን በሁለቱ ክንዶቹ ሥር አሳልፋ አቀፈችው።

በአልትራሳውንድ ደግሜ አየሁ፤ ከላይ፣ ከአንገቱ አጥንት በታች፣ አየር ብቻ ያለበትን ቦታ መረጥኩ። ትልቁን ካኑላ፣ የላስቲክ ቱቦ የለበሰውን መርፌ፣ በጎድን አጥንቱ ላይኛ ጠርዝ በኩል አስገባሁት። ቆዳው፣ ጡንቻው፣ ከዚያ የሆነ ነገር ለቀቀ። ከጎማ ውስጥ እንደሚወጣ ያለ አየር እጄ ላይ ነፈሰ። የጎርፉ ጩኸት ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እንሰማው ነበር፤ እኔ በመዳፌ ነው የሰማሁት። መርፌውን አውጥቼ የላስቲኩን ቱቦ ብቻ ተውኩት። አየር ተመልሶ እንዳይገባ የጓንት ጣት ቆርጬ፣ ጫፉን ሰንጥቄ፣ ቱቦው አፍ ላይ አሰርኩ። ሲተነፍስ የጓንቱ ጣት ይነፋል፣ ሲስብ ይጨማደዳል። የአንገቱ ሥሮች ቀስ እያሉ ወረዱ።

እስከ አሁን የምፈራው ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ነው። ከረጢቱ ሲፈነዳ መርዙ ደረቱ ውስጥ ተደፍቷል፤ ሰውነቱ በማንኛውም ደቂቃ ሊቆጣ ይችላል። ጎርፉን አየዋለሁ፣ ቆዳውን እዳስሳለሁ፣ ጎርፉን አየዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ላይ እብጠት ወጣ። ከሾፌሩ እጅ አድሬናሊኑን ተቀብዬ ወጋሁት። ያለኝ ከዚያ ሌላ ትንሽ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው ወርደው ጎማው አጠገብ ቆሙ፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር።

ውሃው ሲቀንስ መጀመሪያ አንድ አይሱዙ ገባ። ጎማው እስከ ግማሽ ድረስ ሰጥሞ፣ ወደ ጎን እየተገፋ ወጣ። ሾፌራችን ዱካውን ተከትለው ገቡ። ውሃው ከወለሉ ሥር ሲመታን ይሰማኛል። እህቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀዛፊው ግን ዓይኑን ገልጦ በመስኮቱ ውሃውን ያይ ነበር፤ ማዶ ስንወጣ አገጩን በትንሹ ወደ ሾፌሩ ነቀነቀ። በኋላ እህቱ እንደነገረችኝ፣ ሾፌሩ መሻገር ይችላል ብሏል።

አርባ ምንጭ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ወፍራም ቱቦ ደረቱ ውስጥ ገባለት፤ ከአየሩ ጋር ንጹህ ውሃ ወጣ፣ ከውሃው ጋር ደግሞ እንደ ወይን ልጣጭ ያለ ነጭ ሽፋን ቁርጥራጭ። ጠርሙሱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁት። ያ ነገር ማናችንም ሳናውቅ፣ ምናልባት ሰውየው ልጅ ሳለ፣ እዚያ ውስጥ ማደግ ጀምሮ ነበር። ከቀናት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ቀዶ ሐኪሙ የቀረውን አጽድቶ፣ የሳንባውን ቀዳዳ ሰፍቶ፣ ለጉበቱ መድኃኒት ጀመረለት። ወራት ፈጀ፤ ግን በእግሩ ተመለሰ።

እኔ ጂንካ በተመለስኩ ማግስት፣ ክፍሉ ጭር ባለ ሰዓት፣ በሩን ዘግቼ የማሽኗን መዳሰሻ በራሴ ቀኝ ጎን ላይ አደረግሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውሻ ነበር። ከቄራ አጥር ሥር ከሌሎች ውሾች ጋር ውሎ ማታ ይመጣል፤ አቅፌው እተኛ ነበር። ጉበቴን ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ ሳንባዬን በየጎድን አጥንቱ መካከል ፈለግሁ። ምንም የለም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ቀዛፊው ከተመለሰ በኋላ ኦሞራቴ ወረድኩ። የጤና ጣቢያው ሰዎች አንድ ክፍል ሰጡኝ፤ የሱ ቤተሰብ ለምርመራ አንድ በአንድ እንዲመጣ ተነጋግረን ነበር። እሱ ራሱ ደረቱ ላይ ካለው ረጅም ጠባሳ ጋር በር ላይ ቆሞ ሰው ያስገባል። ቀጭን ሆኗል፤ መቅዘፍ ገና አልጀመረም። ሚስቱን አየሁ፤ ንጹህ ናት። ልጆቹን አየሁ። ጄሉ ሲበርዳቸው ይስቃሉ፤ ትንሿ ሆዷን እያንቀጠቀጠች አስቸገረችኝ። ሁሉም ንጹህ ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው በኋላ እህቲቱ እኔን ሳይሆን ስክሪኑን ታያለች፤ ደህና ነው ከማለቴ በፊት ፊቷ ይፈታል። በእነዚያ ቀናት፣ በወንድሟ አልጋ አጠገብ፣ ማየት ለምዳለች።

እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። ጂንካ ሳለን ልይሽ ብያት ነበር፤ አሁን የሱ ተራ ነው ብላ እምቢ አለችኝ። በዚህ ጊዜ ግን ዶቃዎቿን ሰብሰብ አድርጋ በጀርባዋ ተኛች። በሳንባዋ ጀመርኩ፤ በሁለቱም በኩል ክሩ ይንሸራተታል። ደስ አለኝ። ወደ ጉበቷ ወረድኩ።

ከእኔ በፊት ያየችው እሷ ናት። ትንፋሿን ያዘች፤ ምስሉም አብሮ ቆመ። ክብ ነው፣ ድርብ ግድግዳ፣ ውስጡ ጥቁር። ከአጠገቡ ሌላ ትንሽ። እጇን ዘርግታ፣ ስክሪኑን ሳትነካ፣ በጣቷ ክቡን በአየር ላይ ሳለችው።

“እንደሱ ነው” አለች።

“ገና ትንሽ ነው” አልኳት። “መድኃኒት አለው።”

ወንድሟ በሩ ላይ ሆኖ ምን እንደተባለ ጠየቀ። በቋንቋቸው አጭር ነገር መለሰችለት፤ ፈገግ ብላ ነበር። ፊቱ ሲበራ ንጹህ ነኝ እንዳለችው ገባኝ። እኔም ፊቴን ወደ ማሽኗ መለስኩ። ምስጢሩ የሷ ነው።

አሁን በየጥቂት ወሩ ጂንካ ትመጣለች፤ ወንድሟን ግን ጨርቅ ልገዛ እሄዳለሁ ትለዋለች። ክኒኑን ታቋርጣለች፣ ትጀምራለች፣ እኔም እቆጣታለሁ። ትንሹ ከረጢት ተኮማትሯል። ትልቁ ባለበት ነው። ባለፈው ስትመጣ ልለካው መዳሰሻውን ሳስቀምጥ ከደጅ ኃይለኛ ዝናብ ጀመረ፤ አንዳችን የሌላውን ድምፅ መስማት ስላልቻልን ሁለታችንም ስክሪኑን አየን።